ክሩም ጠሟል

ጓ… ጓ… ጓ። ብሎኬት ሲሰበር ድምፁ ከሩቅ ያስታውቃል። ሸሪኩ ገና የግቢውን በር ሳያልፍ ሰማውና ቆሽቱ አረረ። ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ የገነባው ግድግዳ ግማሹ ወለሉ ላይ ተበትኗል። መዶሻውን የያዘው የሟች እህቱ ባል፣ ለሃያ ዓመት በሽርክና አብሮት የሠራው ግንበኛ "ውሃ ልክ" ነው።

"ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ? ግድግዳ ስታፈርስብኝ ሦስተኛህ እኮ ነው!"

"ጠሟል።" ውሃ ልክ ዞር አላለም። "መሃሉ ሆድ አውጥቷል። አይታይህም?"

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። መሣሪያ ሳይዝ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲያይ የግማሽ ጣት ጥመት እንኳ አያመልጠውም ነበር።

ሸሪኩ ከኪሱ ቱምቢውን አወጣና ከተረፈው ግድግዳ ጫፍ ቁልቁል ለቀቀው። በክር የተንጠለጠለው ብረት ወዲያ ወዲህ ብሎ ቆመ።

"ይኸው! ክሩ ከብሎኬቱ ጋር እኩል ወርዷል። አሁንስ?"

ውሃ ልክ ተጠግቶ አየ። "ክሩም ጠሟል" አለ።

ሠራተኞቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። "ጋሼ፣ በቃ ሕንፃውንም አፍርሰን እንገላገል!" አለ ሲሚንቶ የሚያቦካው።

ሸሪኩ ግን አልሳቀም። "ሥራዬን ከናቅከው ናቅኩት በል። ክሩ ምን አደረገህ?"

ውሃ ልክም አልሳቀም። ብረት የተንጠለጠለበት ክር እንደማይጣመም ከማንም በላይ ያውቃል። መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

በማግስቱ ልጁ ዓይን ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሟ እንደ ሴራሚክ ወለል በካሬ በካሬ የተከፋፈለ ወረቀት ሰጠችው። በመዳፉ አንዱን ዓይኑን ሸፍኖ አየና፣

"ይሄን ማን ነው ያነጠፈው? አንዱም ከአንዱ አልገጠመም" አለ።

ልጁ ልትስቅ ብላ ወረቀቱን አየችው። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

"አባት" አለች ሐኪሟ፣ "በዓይንዎ ጀርባ ብርሃን የሚያርፍበት ስስ ሽፋን አለ። የምናነበውም፣ ፊት የምንለየውም በመሃሉ ነው። የእርስዎን ከሥሩ ፈሳሽ ገብቶ አሳብጦታል።"

"እንደ ልስን።"

"እንዴት?"

"ከጀርባው ውሃ የገባበት ልስን ነዋ። ያብጥና ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጣመማል።" ወረቀቱን መለሰላት። "እሱ እንኳ ተፍቆ በአዲስ ይለሰናል።"

"ይሄ አይፋቅም። መርፌ እንሰጥዎታለን፤ እንዳይብስ ሊያቆመው ይችላል፣ የተበላሸውን ግን አይመልስም። ሁለቱም ዓይንዎ ተነክቷል። መሃሉ ሲጠፋብዎት ወደ ጎን አድርገው ይዩ፤ ዳር ዳሩ ደህና ነው።"

ታክሲ ውስጥ ልጁ "ለአጎቴ ልንገረው?" አለች።

"ወዮልሽ!"

"አባዬ፣ የናቅከው መስሎት እኮ ነው የተናደደው።"

"ይናደድ። ካወቀ ጥግ ላይ ወንበር ያመጣልኝና 'አንተ ብቻ አረፍ በል' ይለኛል። እናትሽ የሞተች ጊዜ ያየኝን አስተያየት እንደገና አልችለውም።"

ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ሥራው ሄደ። ሸሪኩ የፈረሰውን መልሶ ገንብቶ እጁን እየታጠበ ነበር።

"ስማ" አለው ሸሪኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሥጋዬ ነህ፣ አልጣላህም። አንዲት ነገር ብቻ። 'ግድግዳህ ቀጥ ያለ ነበር' በለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየህ።"

ውሃ ልክ ቀና አለ። የሸሪኩ ግንባር ተጣሟል፤ ከግንባሩ በታች፣ ዓይንና አፍንጫ በሚኖርበት ቦታ፣ ጭጋግ ነው ያለው። እይታውን ቀስ ብሎ ወደ ጆሮው አዞረ። ያኔ ፊቱ ደብዘዝ ብሎ ከጎን መጣለት፤ ሲሚንቶ የነካው ቅንድቡ፣ ቁርጥ የእህቱን የሚመስለው አገጩ፣ መልስ የሚጠብቁት ዓይኖቹ።

"ግድግዳህ ቀጥ ያለ ነበር" አለ።

"ዓይኔን እያየህ ነው ያልኩህ! ጆሮዬን ምን ታየዋለህ?"

ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። ውሃ ልክ ወደ ግድግዳው ዞረ። ኮቱን ከሚስማሩ ላይ በዳበሳ አወረደ።

"ወዴት ነው? እኔ እኮ እያናገርኩህ ነው!"

ውሃ ልክ ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ግድግዳውን በእጁ እየተደገፈ ወጣ።