ያልበሰለ ፍግ

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱት ጋሽ ፍሬን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤቱ ጠበባቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ድመት እንኳ ስታቋርጥ ቀጥ አድርገው ያቆሙ ነበርና። አሁን የሚያቆሙት አውቶቡስ ስለሌለ ባለቤታቸውን በየደቂቃው ማስቆም ጀመሩ። "ይሄን ድስት ለምን እዚህ አስቀመጥሽው?" "ይሄ በር ለምንድን ነው የሚጮኸው?"

ባለቤታቸው አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አይተው መጡ። ለሰፈሩ የጋራ ጓሮ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ይፈለጋሉ፤ ሥልጠናው ስምንት ቅዳሜ ነው።

"አስመዝግቤሃለሁ፤" አሉ ቁርጥ አድርገው።

"እኔን? ጎመንና ቆስጣ የማልለየውን ሰውዬ?"

"ትማራለሃ!"

ተማሩም። አሠልጣኟ በዕድሜ ልጃቸው ልትሆን የምትችል የግብርና ባለሙያ ነበረች። አፈር ጨብጦ እርጥበቱን ማወቅን፣ ችግኝ ሳይጎዱ ማዛወርን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ሳያሳፍሩ ማስተማርን አሳየቻቸው። በአምስተኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የሚያስተምራቸው አምስት አምስት ሰዎች ተመደቡለት። ለጋሽ ፍሬን የደረሷቸው አምስት የሰፈር ሴቶች ናቸው። ደረታቸው ተነፋ። ዝም ብሎ መቀመጥ አላስችል ስላላቸው ማንም ሳያዛቸው ከዶሮ እርባታ አንድ ጆንያ ኩስ አስጭነው መጡ።

"እያንዳንዱ የቲማቲም ችግኝ ሥር አንድ አንድ እፍኝ!" አሉ። ሴቶቹም እንደተባሉት አደረጉ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ብቻቸውን ጓሮው ብቅ ሲሉ የቲማቲሙ ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ አሮ፣ ተጠቅልሎ አገኙት። አሠልጣኟ ትኩስ ኩስ ተብላልቶ ሳይበርድ ለችግኝ እንደማይሰጥ የተናገረችው በአራተኛው ቅዳሜ ነው፤ እሳቸው ያን ቀን ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው ቀርተዋል። ይህን ከሌሎቹ ሠልጣኞች መስማታቸው ትዝ ያላቸው ገና አሁን ነው።

በሽታ ነው ልበል? ፀሐይ ነው ልበል? ሁለቱም አፋቸው ላይ ደርሰው ነበር። ከአምስቱ ሴቶች አንዷ፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ ውሃ ማጠጫቸውን አንጠልጥለው ደረሱ።

"ምን ነካው ጋሼ?"

"እኔ ነኝ የነካሁት፤" አሉ ጋሽ ፍሬን። "ሳላጣራ አዘዝኳችሁ። ኩሱ ነው ያቃጠለው።"

አዋላጇ ቅጠሉን አገላበጡ።

"ታዲያ ለዚያች ልጅ ይደውሉላታ! ቆመው ቢያዩት ምን ያደርግልዎታል?"

አሠልጣኟ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ተንበርክካ አንዱን ችግኝ በጣቷ ቀስ ብላ ነቀለችና ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

"ሥሩን ይዩት። ነጭ ነው። አልሞተም።"

"አልሞተም?"

"አልሞተም ጋሼ። ኩሱን ጠርገን እናነሳዋለን፣ ውሃ ደጋግመን እናጠጣዋለን፣ ያገግማል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ማሳ ጎመን እንዲሁ አድርጌ ፈጅቻለሁ።"

ጋሽ ፍሬን "እፎይ!" ሲሉ ድምፃቸው አጥሩን ተሻገረ። አዋላጇ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

"ስንቷን እናት አዋልጃለሁ፤ እንዲህ የተነፈሰ አባት ግን አላየሁም!"

የቀሩት አራቱ ሴቶችም መጡ፤ አንዷ ትንሽ አጉረመረመች፣ ሌሎቹ ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት። ኩሱን ጥግ ላይ ከምረው እንዲብላላ ከደረቅ ቅጠል ጋር አዳፈኑት። ከሠላሳው ችግኝ አራቱ ደረቁ፤ የቀሩት በሁለተኛው ሳምንት ለስላሳ አዲስ ቅጠል አወጡ። ጋሽ ፍሬን ያን ሰሞን በየማለዳው እየሄዱ ቅጠሉን ሲቆጥሩ ባለቤታቸው ቤቱ ውስጥ ድስታቸውን እንደፈለጉ አስቀመጡ።

በመጨረሻው ቅዳሜ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ታዘዘ። ጋሽ ፍሬን የተቃጠለ ቅጠል ይዘው ፊት ቆሙና የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ተናገሩ። የሳቀም ነበር፤ አብዛኛው ግን ይጽፍ ነበር።

"ኩሱ እስኪበስል ስንት ጊዜ ይፈልጋል?" ሲል አንዱ ጠየቃቸው።

"ሁለት ሦስት ወር ይመስለኛል፤" አሉ። ከዚያ ምንም ሳይከብዳቸው ወደ አሠልጣኟ ዞሩ። "ግን እሷን እንጠይቃት።"