ወፍ የለም

ባለፈው ዓመት የካቲት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ከቀረሮው ዛፍ ሥር የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ካሣዬ፣ ዛፍ ቆራጩ ሙሐመድኑርና እኔ። እኔ በጋሽ ካሣዬ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ሳምንት ሆኖት ነበር። ከሚዛን ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በየግቢው ያለው ቡና ነጭ አበባ አውጥቷል። እኔና ጋሽ ካሣዬ በየማለዳው በዚያ በኩል እንሄድ ነበር። ግንደ ቆርቁር እናያለን፣ ዋኔ እናያለን፣ አንዳንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ጉሬዛ ይታየናል። ያየነውን በደብተር የምጽፈው እኔ ነኝ። ስንመለስ በሩ ላይ ቆሜ ለባለቤታቸው ለእትዬ ጥሩነሽ አነብላቸዋለሁ። እትዬ ጥሩነሽ እግራቸውም ቀኝ እጃቸውም ከከዳቸው ስምንት ወር አልፎ ነበር። ምግብ የሚያጎርሷቸው ጋሽ ካሣዬ ናቸው።

ከሁሉም አብልጠው የሚጠይቁኝ ስለ ባለቆቧ ነው። ባለቆብ የምንለው ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደፋ የሚመስለውን ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። ሲበር ክንፉ እንደ አይሱዙ ፍሬን ይተነፍሳል። ሴቷ በጥር ወር እንቁላል ጥላ ልትፈለፍል ቀረሮው ግንድ ላይ ወዳለው ቀዳዳ ገባች። በሩ በጭቃ ተደፈነና ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ብቻ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ወንዱ የሾላ ፍሬ እያመላለሰ በስንጥቋ ያጎርሳታል። ውስጥ ሆና ላባዋ ስለሚረግፍ እስኪያድግላት ድረስ መብረር አትችልም።

እትዬ ጥሩነሽ ይህን የሰሙ ቀን፣ «እንግዲያው እሷ የወጣች ቀን እኔም እወጣለሁ» አሉ። ጋሽ ካሣዬ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ዛፉ ጋ ሳይደርሱ የተመለሱበት ማለዳ አልነበረም።

በዚያ እሑድ ሙሐመድኑርን ያገኘነው ሞተር መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ በዳሩ ያሉትን ዛፎች እንዲቆርጥ ተቀጥሯል። ጋሽ ካሣዬ ስንጥቋን አሳዩት። አንጋጦ ብዙ ቆየ። ወንዱ መጥቶ ሲያጎርሳትም አየ።

«ጋሼ፣ እኔ ሚስቴ ላይ እንዲህ በር ብደፍን ዘመዶቿ አይምሩኝም» አለ።

«አንተ መዝጋቱን ነው ያየኸው። ማጎረሱንስ?» አሉት።

ሙሐመድኑር ሳቀ። ሌሎቹን ዛፎች አስቀድሞ ይህን የመጨረሻ ሊያደርገው ተስማማ። ወፏ ስትወጣ እንድነግረው እኔን አደራ አለኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «እህስ?» ይለኛል፤ እኔም «ገና ናት» እለዋለሁ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ የእትዬ ጥሩነሽ መድኃኒት ከሚዛን ጠፋ። በዚያን ጊዜ ከቀረሮው በቀር ሌሎቹ ዛፎች ሁሉ ወድቀው ነበር። አማን ውስጥ አንድ ፋርማሲ መድኃኒቱ ሊኖረው እንደሚችል የጠቆመኝ ራሱ ሙሐመድኑር ነው። በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። የለም። ሌሎች ሁለት ፋርማሲዎች ዞርኩ። እነሱም ጋ የለም።

ለጋሽ ካሣዬ ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ስመለስ ሙሐመድኑር ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጧል። በመካከላችን የጭነት መኪና እያለፈ ነበር።

«እህስ?» ብሎ ጮኸ።

ሰው መሐል መጮኽ አይሆንልኝም። የሻይ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ወደ እኔ ዞረዋል። እጄን አወዛወዝኩና፣ «ወፍ የለም!» አልኩት።

አውራ ጣቱን አነሣልኝ። ይህ ምን ያስደስታል ብዬ ተገረምኩ። ግን ተሻግሬ አልጠየቅሁትም።

ሰዓት ያህል ቆይቶ መጋዙን ከቤት ሰማሁት። ሮጥኩ፤ ጋሽ ካሣዬም ከኋላዬ መጡ። ስንደርስ ዛፉ ወድቋል። ግንዱ ቀዳዳው ላይ ተሰንጥቆ ወፏ ግማሽ ክንፏ ባዶ እንደሆነ ከጫጩቷ ጋር ሞታለች። ሙሐመድኑር መጋዙን አጥፍቶ ቆሟል።

«የለም ብለኸኝ ነበር እኮ» አለኝ።

«መድኃኒቱን ነው» አልኩት።

ግንዱ ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ካሣዬ ማንኛችንንም አልተቆጡም። ወንዱ ፍሬ ይዞ መጣና ዛፉ የነበረበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ዞረው። ከዚያ ኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ አረፈ።

ቤት ስንገባ እትዬ ጥሩነሽ የመጋዙን ድምፅ ሰምተው ኖሯል። ጋሽ ካሣዬን አላዩአቸውም፤ እኔን ነው ያዩኝ።

«እሱ ለእኔ ሲል ይዋሻል። አንተ ንገረኝ፤ ወጥታ ነበር?»

ደብተሩ እጄ ላይ ነበር። በዚያ ቀን ገጽ ምንም አልጻፍኩም።

«ወጥታለች፣ እትዬ» አልኩ።

«ጫጩቷስ?»

«አብራት ሄደች።»

ግራ እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን እጅ ያዙ። ጋሽ ካሣዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

በማግስቱ እትዬ ጥሩነሽ ቃላቸውን አላጠፉም። ከነወንበራቸው ተሸክመን በረንዳው ላይ አስቀመጥናቸው። ረፋድ ላይ ባለቆቡ በላያችን አለፈ፤ ብቻውን ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ሁለተኛዋን እየጠበቁ ወደ ሰማይ ሲያዩ ቆዩ። ከቀትር በኋላ ዝናብ ሲጀምር አስገባናቸው።