የጭቃው ባለቤት

ኤፍራታ ከአሌክሳንድሪያ ተነሥታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጋሽ ኃይለልዑል ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የምርምር ገንዘቡ ማመልከቻ አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።

የሁለቱ ካምፓኒ ከጭድና ከጭቃ የግድግዳ ሰሌዳ ይሠራል። ኢንጂነሯ እሷ ብትሆንም ጭቃው ስንት ቀን እንደሚቦካ የሚያውቁት ጋሽ ኃይለልዑል ናቸው፤ የአባቷ ጓደኛ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲመርጉ የኖሩ። ካምፓኒውን ሲያስመዘግቡ ለታላቅ ከግማሽ በታች መስጠት ነውር መስሏት ሰባ በመቶውን በሳቸው ስም አደረገችው። ጨዋ ልጅ ናት፤ ዛሬ የሚያስሮጣትም ይኸው ጨዋነቷ ነው። የምርምር ገንዘቡ ደንብ ከግማሽ በላይ የሆነው ድርሻ በዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ባለው ሰው እጅ ይሁን ይላል። እሷ ግሪን ካርድ አላት፤ የጋሽ ኃይለልዑል ግን ገና አልወጣም። ይህን ያነበበችው ዛሬ ጠዋት ነው። የድርሻ ማዛወሪያውን በሊንክ ልኮ ማስፈረም ይቻል ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለሳቸው በስልክ መናገር አልሆነላትም።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እግሯ አላርፍ አላት።

«ጋሼ፣ ኤሊጂብሊቲው ላይ ፕሮብሌም አለ። ከግማሽ በላይ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካልያዘው ሪጀክት ያደርጉናል። እዚህ ጋ ቢፈርሙልኝ... ለፎርማሊቲ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ለአፍታ አዩት። ፈረሙ። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተነሣች።

በሩ ጋ ስትደርስ ጠሯት።

«እንግሊዝኛውን አላነበብኩትም፤ ቁጥሩን ግን አይቻለሁ። ግማሹን ለማለፍ ሰባውንም መውሰድ ነበረብሽ?»

በሠላሳዋ ላይ ሃያ አንድ ቢጨመር ይበቃት ነበር። ጠዋት ስትጽፈውም ታውቅ ነበር፤ «ለሴፍቲ» ብላ ነው ሙሉውን ያደረገችው። ለማን ሴፍቲ እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም። አሁን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ተመልሳ ተቀመጠች። ወረቀቱን ቀደደችው፣ ላፕቶፗን ከፍታ ሃያ አንድ ብላ ጻፈች፣ ፊታቸው አቀረበችላቸው።

«እዚሁ ላይ በጣትዎ ይፈርሙልኝ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ኃይለልዑል እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሰዓት አልፏል።

«ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አሉ። «በአማርኛ።»