ቆሞ የሚሄደው ጀልባ

ወንዙ የዚያን ክረምት ያበጠውን ያህል አብጦ አያውቅም። ጉድጓድ ከነውሃው ነቅሎ ሲወስድ አይቻለሁ ብል የሚያምነኝ ስለሌለ አልልም። የዶሮ ቤት ከነአውራው ሲንሳፈፍ ግን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። አውራው ጣሪያው ላይ ቆሞ በሰዓቱ ይጮህ ነበር፤ ችግሩ በጮኸ ቁጥር የሚቀሰቅሰው ሌላ መንደር መሆኑ ነው።

መንገዱን ጎርፍ ስለቆረጠው ከላይ ያለው ከተማ ዱቄት አልቆበታል። ዱቄቱን ጭነን ሽቅብ የምንወጣው እኛ ነን፤ ሦስት ሰውና አንዲት ሆደ ሰፊ የጭነት ጀልባ። ካፒቴኑ ከላይ መሪውን ይዟል፣ ቀጭኔ የምንለው ረጅሙ ገመደኛ ከፊት ቆሟል፣ እኔ ከመሪው ክፍል ሥር ከሞተሬ ጋር ነኝ። ሞተሩ በዕድሜ ይበልጠኛል። ጠባዩም የሽማግሌ ነው፤ ሲለምኑት ይሰማል፣ ሲቆጡት ይተኛል።

ውሃ ሲሞላ ሽቅብ የሚሄድ ጀልባ መሃል ወንዝ አይገባም። ጉልበቱ ያለው መሃል ላይ ነው። ዳር ዳሩን፣ የሰው ግቢ ሊገባ እስኪመስል ተጠግቶ ነው የሚኬደው። እጁ ረዘም ያለ ሰው ከተሰጣ ልብስ ላይ ሸሚዝ መምረጥ ይችላል። ቀጭኔ አንዴ መርጦ ነበር፤ ጠበበው።

ጠዋት በድንጋዩ ድልድይ ሥር አለፍን። ከድልድዩ ጥቂት ከፍ ብሎ ወንዙ ይጠባል፤ ያ ሁሉ ውሃ በዚያች ጉሮሮ እየተጋፋ ነው የሚወርደው። እዚያ ስንደርስ ካፒቴኑ በወለሉ ቀዳዳ አጎንብሶ "ያለህን በሙሉ ስጠኝ" አለኝ። ሰጠሁት። ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች፣ ጥርሴ ከጥርሴ ተንኳኳ፤ ተጓዝን ብዬ ሻይ ቀዳሁ።

ሻዩን ሳልጨርስ ቀጭኔ ጭንቅላቱን አስገባ።

"ያ ካልሲ አልሄደም" አለኝ።

"የምን ካልሲ?"

"ገመድ ላይ የተሰጣ ቀይ ካልሲ ነዋ። ቅድም ትይዩዬ ነበር። አሁንም ትይዩዬ ነው።"

ወጥቼ አየሁ። ውሃው ጎናችንን እየላጠ ይከንፋል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ከኋላችን አረፋው ይፈላል፤ እኛ እዚያው ነን። ይሄን እኛ ቆሞ መሄድ እንለዋለን። ሞተሩን ከቀነስክ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ፣ ከኋላህ ደግሞ ድልድዩ የድንጋይ እግሮቹን ተክሎ ይጠብቅሃል። ነዳጅ እስካለህ ድረስ ሳትሄድ ትሄዳለህ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። የማን ደጅ ላይ እንደቆምን የገባኝ ካፒቴኑ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ሲያወርደው ነው። የሚስቱ ቤት ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ክረምቱ ሳይገባ ሻንጣውን አውጥታ ደጅ አስቀምጣለታለች። አልመታትም፣ አልሰከረባትም፣ ሌላ ሴትም አልለመደም። ጥፋቱ ጥፋት የሌለበት መሆኑ ነው። ወጥ ካሳረረ ድስቱ ስስ ነው። ጀልባዋን አሸዋ ላይ ካወጣት አሸዋው ተራምዶ መጥቶ ነው። የስፌት መኪናዋን ደጅ ረስቶ ዝናብ ሲያስመታት፣ ዝናቡ ያለ ሰዓቱ ዘነበ አላት። እሷም "አንተ ምንም ጥፋት የለብህም፤ እኔ ደግሞ ጥፋት ካለበት ሰው ጋር ነው መኖር የምፈልገው" ብላ በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍን ቁጥር ወደ ማዶ ያያል። የሸሚዙ ቁልፍ ሲረግፍ ግን ሌላ ሰው ዘንድ አያሰፋም፤ ሸሚዙን አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል። እኔና ቀጭኔ በዚህ አናሾፍበትም። በሌላ በሌላው ነው የምናሾፍበት።

መስኮቱ ተከፈተና አማቱ ብቅ አሉ።

"ማነው ደጃችን ላይ የሚያጓራው?"

"እኛ ነን እማማ። እንደምን አደሩ?"

"ያ ሰውዬ አለ?"

"አለ።"

"ምን ፈልጎ ነው?"

ካፒቴኑ በጥርሱ መሃል "እያለፍን ነው በላቸው" አለኝ።

"እያለፍን ነው እማማ" አልኳቸው።

እማማ ካልሲውን አዩ፣ ጀልባዋን አዩ፣ ደግመው ካልሲውን አዩ። "እለፉ እንጂ ታዲያ" አሉ።

ትንሽ ቆይተው ወንበር ይዘው ወጡና ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ። ጎረቤት አንድ ሁለት እያለ ተሰበሰበ። ሊለምናት ነው የመጣው የሚለውን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ የጀመርኩት አይደለም። እኔ ያደረግሁት ማሳመር ብቻ ነው።

"ምነው ከሳ?" አለች አንዷ።

"ምን ይብላ ብለሽ ነው እህቴ" አልኳት። "ሌሊት ሌሊት ብሶቱን ለዓሣ ሲያወራ ያድራል። ዓሦቹ በሙሉ አለቀሱ። ውሃው እንዲህ የሞላው ከምን ይመስልሻል?"

"ምላስህን ነው የምቆርጠው" አለኝ ካፒቴኑ።

"ቁረጠው። ከዚያ ሞተሩን ራስህ ትለምናለህ።"

እማማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "አንተ ሰውዬ፣ ልትለምን ከመጣህ እንደ ሰው በበር አትመጣም?"

ካፒቴኑ አንገቱን አወጣ። "የውሃውን ኃይል እየለካሁ ነው" አለ።

"በምን?"

አንገቱን መልሶ አስገባ። ነገሩ ሁለት ነው። ሚስቱን ሊለምን መጣ ከተባለ ትዕቢቱ ይሞታል፤ ወንዝ አቆመው ከተባለ ስሙ ይሞታል። እሱ ደግሞ ሁለቱንም በሕይወት ይዞ መዝለቅ ነው የፈለገው።

የነዳጁን ልክ አይቼ ተመለስኩ። "አለቃ፣ እንዲህ ከጠጣብን ከተማው ሳይሆን ድልድዩ ነው የሚቀበለን" አልኩት። መውጫው አንድ ነው። ከፊታችን ዳር ላይ ትልቅ ዛፍ አለ። ገመዳችንን እዚያ የሚያስርልን ሰው ከተገኘ ጀልባዋ በመጠቅለያ ማሽኗ በዊንቹ ገመዱን እየጠቀለለች ራሷን ሽቅብ ትጎትታለች። ይህን ደግሞ እርዱን ሳይሉ ማግኘት አይቻልም።

እሱ አፉን ሳይከፍት ሚስቱ ወጣች። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እስከ ውሃው ጫፍ ወረደች። ጎረቤቱ ወሬው እንዳያመልጠው ሳሉን ዋጠ። ሞተሩ ብቻ ነው ይሉኝታ ያጣው።

"ለእኔ ብለህ ነው የመጣኸው?" አለችው።

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አዘጋጅቶለታል፤ እኔም ዓሣ አስለቅሼለታለሁ። "አዎ በላት፣ ምን ትሆናለህ" አልኩት በሹክሹክታ።

ኮፍያውን አወለቀ።

"አይደለም" አለ። "ወንዙ ይዞኝ ነው። ማለፍ አቅቶኝ ነው። ባይዘኝ ኖሮ ሳላይሽ ነበር የማልፈው።"

"ለምን?"

"አፍሬ።" መሪውን ጨበጠ፣ ለቀቀ። "መኪናሽን ዝናብ ላይ የረሳሁት እኔ ነኝ። ዝናቡ ምንም አላደረገም።"

"ይኼን ሊል ነው ሰው የሰበሰበው?" አሉ እማማ። አንዷ ጎረቤት ጃንጥላዋን አጥፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሚስቱ እጇን ዘረጋች። "ገመዱን ወርውሩ" አለች።

ቀጭኔ ወረወረ። የመጀመሪያውን ውሃ በላው፣ ሁለተኛውን ያዘችው። እዚያው አጠገቧ ካፒቴኑ ድሮ ጀልባዋን የሚያስርበት ግንድ አለ። እዚያ ላይ ብታስረው ደጇ ላይ ታስቀረን ነበር፤ የከተማው ሰው ዱቄቱን በዓይኑ አያየውም ነበር። ግንዱን አልፋ፣ ከባዱን ገመድ ጭቃ ላይ እየጎተተች ወደ ዛፉ ወጣች።

"ሁለት ጊዜ ጠምጥሚው" አላት።

"አውቃለሁ።"

ዊንቹ አቃሰተ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ካልሲው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ስንጓዝ እሷ ተመልሳ ዳሩን ዳሩን አብራን ሄደች። መፍጠን አላስፈለጋትም።

"ዱቄቱን አራግፈህ ስትመለስ ቁልቁል ነህ" አለችው።

"አዎ።"

"ያኔ ወንዙ አያቆምህም።"

"አያቆመኝም።"

"እንግዲህ" አለች፤ ከወንዙ ጉሮሮ ስንወጣ ገመዱን ፈትታ ወረወረችልን።

ዱቄቱን አራገፍን። ስንመለስ ባዶዋ ጀልባ እንዴት እንደፈጠነች ልናገር ብል ልማዴ ይመስላል፤ ጥላችን ከኋላ ቀርቶ አንድ መታጠፊያ ላይ ነው የደረሰብን። ቁልቁል የሚሄድ ጀልባ መቆም ሲፈልግ አስቀድሞ አፍንጫውን ወደ መጣበት ማዞር አለበት። ያንን የሚያደርገው ሰው ምን እንደሚፈልግ ቀድሞ ማወቅ አለበት።

"ልዞር ነው፣ ሞተሩን አዘጋጅ" አለኝ ካፒቴኑ።

"ምን አለ እዚህ?" አለ ቀጭኔ። "ጭነት የለን፣ ነዳጅ ሞልተናል።"

"ሚስቴ አለች" አለው፤ የጭነት ዓይነት የሚናገር ይመስል።

ዞረ። ግን ዘገየ። ቤቱ፣ ግንዱ፣ እማማም ከነወንበራቸው በጎናችን ሽው ብለው አለፉ፤ አፍንጫችን ሽቅብ ሲቀና ድልድዩ አጠገብ ነበርን። እኔ ቀድሜ ሰበብ አዘጋጅቼለት ነበር፦ መሪው ጠብቆ፣ ነፋሱ ገፍቶ፣ ምኑ ቅጡ።

"ዘግይቼ ነው የዞርኩት" አለ ማንም ሳይጠይቀው። "ግፋው።"

ገፋሁት። ስንዝር በስንዝር ሽቅብ ጀመርን። ባዶ ብንሆንም ውሃው ያው ውሃ ነው፤ አንዳንዴ ቆመን ሄድን፣ አንዳንዴም ትንሽ ወደ ኋላ ሄድን። እማማ ጮክ ብለው "ዛሬስ ምን ሆኖ ነው?" ሲሉ ሰማሁ።

ልብስ ሰፊዋ ግን ቀድማ ወጥታለች። ግንዱ አጠገብ ወርዳ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ገመድ እስኪወረወርላት ትጠብቃለች። ገና ብዙ ይቀረን ነበር።