ትርፌን ማን ጠየቃት?

«ግብዝ ያልኩት እኔ ነኝ! እኔ ብቻ ነኝ ያልኩት! አንተ ከየት አምጥተኸው ነው?»

የአቶ ገብረየሱስ ድምፅ ከድንኳኑ ተነሥቶ ትርፌ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ድረስ ደረሰ። ከጎኗ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን አቀኑ። ትርፌ ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ዘነበ ከተቀበረ ገና ማግሥቱ ነው፤ ወንዶቹ ግን የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ይመስል ክርክር ጀምረዋል።

«ደግሞ አሁን ምን ሆኑ?» አለች።

የግድግዳ ጎረቤቷ ዙሃራ ተነሥታ በበሩ አጮልቃ አየችና ተመለሰች።

«ጓድ ፍሰሐ ከቀበሌ መጥቶ ንግግር ሲያደርግ ነበር። ‹ጓድ ዘነበ የሴቶችን እኩልነት በተግባር ያሳየ አርአያ ነው፤ ለሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔም ስንወጣ እሱን እያሰብን ነው› ምናምን አለ። ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ ‹ድሮ ግብዝ ሲባል አልነበረም እንዴ?› ቢል ጋሽ ገብረየሱስ ሊመቱት ተነሡ።»

«ይማቱ። ይማቱና ይገላገሉ።»

ዙሃራ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

አቶ ገብረየሱስ ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው ቅያስ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዘነበ ደግሞ ባቡር ጣቢያው ዕቃ ክፍል ነበር የሚሠራው። ሁለቱ ጓደኛሞች ይባሉ እንጂ ትርፌ አንድም ቀን ሲስማሙ አይታቸው አታውቅም። በመሬት አዋጁ ተከራክረዋል፤ በራዲዮ ዜና ተከራክረዋል፤ እድሩ አዲስ ድንኳን ሲገዛ በቀለሙ እንኳ ተከራክረዋል። ያን ሁሉ ዓመት ሻይ ያቀረበችላቸው እሷ ናት። አንድ ቀን በስኳር ፈንታ ጨው ብትጨምርበት የሚያውቁ አይመስላትም ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን የባለፈው ክረምቱ ነው።

የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በየቀበሌው ለውይይት ቀርቦ ነበር። ከየቤቱ ሰው ተጠርቶ ልደታ አካባቢ ያለው የቀበሌው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስለ ሴቶችና ወንዶች እኩልነት የሚናገረው አንቀጽ ሲነበብ ዘነበ እጁን አወጣ። ንግግር ያውቅበታል። ሴት የቤት ዕቃ አይደለችም አለ፤ ሸክሟን ያልተካፈለ ወንድ ስለ ጭቆና የመናገር መብት የለውም አለ። ተጨበጨበለት። ኋላ ወንበር ላይ ከሴቶቹ ጋር የተቀመጠችው ትርፌ ሳታስበው ፊቷ በራ።

ጭብጨባው ሳይበርድ አቶ ገብረየሱስ ተነሡ።

«የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ጓድ ዘነበ ዛሬ ጠዋት ፊቱን የታጠበበትን ውሃ ከቦኖ ተሸክሞ ያመጣው ማነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ሚስቱ ናት! በጀርባዋ! እሱ በዚያ ሰዓት አልጋው ላይ ሆኖ ራዲዮ ያዳምጣል። በእኛ አገር ይሄ ግብዝነት ይባላል።»

«አንተስ?» አለ ዘነበ። «ሚስትህ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ ሸሚዝህን አጥበህ ታውቃለህ? አንተ ነህ እኔን ግብዝ የምትለኝ?»

«እኔ መቼ ስለ እኩልነት ተናገርኩ? የማልሠራውን አልናገርም!»

«ስለዚህ የማይናገር ጨቋኝ ይሻላል ማለት ነው?»

ተያያዙት። በመካከሉ ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ትርፌን ያያት ጀመር። ጀርባዋን፣ እጇን፣ የጀሪካኑ ገመድ ያለፈበትን ትከሻዋን። መሬት ላይ ያለ ስንጥቅ ነገር አግኝታ እሱን ስታይ ቆየች። በመጨረሻ ሰብሳቢው ፍሰሐ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ፣ «ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ወደሚቀጥለው አንቀጽ እንለፍ» አለ። አለፉ።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ዘነበ ጀሪካኑን አንሥቶ ወጣ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለችው።

«ውሃ ልቀዳ።»

«ተው እንጂ፤ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ብሏል!»

ቦኖው ከቤታቸው በታች ነው። እሱ ግን ሲመለስ ሆን ብሎ ዙሪያውን ዞሮ በአቶ ገብረየሱስ ደጃፍ ያልፍ ነበር፤ እዚያ ሲደርስም ጮክ ብሎ ይስላል። ትርፌ ይሄ ንዴት በሳምንቱ ይበርድለታል ብላ ጠበቀች። አልበረደለትም። ክረምቱ አለፈ፤ መስቀል አለፈ፤ ገና አለፈ። በጥር፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ዳገቱን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ተቀመጠ። ሰዎች ደክሞት ያረፈ መሰላቸው።

በሠልስቱ የዘነበ እህት ደሚቱ ከአምቦ ደረሰች። በሩ ላይ አልቅሳ፣ ደረቷን መትታ፣ ውሃ ቀምሳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ፣ ለጎረቤቶቹ በሹክሹክታ የምትናገር መስላ ግን ትርፌ እንድትሰማ አድርጋ፣ «ወንድሜን እንደ አህያ ውሃ እየጫነች ጨረሰችው» አለች። «እኛ ቤት ወንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ ታይቶ አያውቅም። እኩልነት አሉ! ይኸው እኩልነት!»

ዙሃራ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ትርፌ ክንዷን ያዘቻት። ጉልበት አልነበራትም። ባሏ በሕይወት ሳለ ሰው ሁሉ ጨቋኝሽ ነው ይላት ነበር፤ አሁን ደግሞ ገዳዩ እሷ ሆነች።

በዚያ መካከል ነው አቶ ገብረየሱስ ከድንኳኑ ወጥተው ወደ ሴቶቹ የገቡት። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ልጄ፣ እሷን አትናገሪ» አሏት ደሚቱን። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ደሚቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ባለፈው ወር ደጄ ላይ ቆሞ ሲያለከልክ አየሁት። ላብ አጥምቆታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሙያዬ ነውና ገባኝ። ‹ይሄ የልብ ነገር ነው፤ ሐኪም ይይህ፤ እስከዚያ ውሃውን ተው› አልኩት። ምን አለኝ? ‹ዛሬ ባቆም ነገ ተነሥተህ ግብዝ ትለኛለህ› አለኝ። እኔም…» ባርኔጣቸውን ጨመደዱት። «እኔም ሳቅሁ። ‹መቼም እላለሁ› አልኩት። እንደ ቀልድ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ደሚቱ አንገቷን ደፋች። ሁሉም ትርፌ እንድታለቅስ ጠበቁ፤ ትርፌ ግን ስድስት ወር ሙሉ አፍና የያዘችው ንዴት ነው የወጣው።

«ጋሽ ገብረየሱስ፣ ሞቱንም ሊወስዱብኝ ነው?»

«እንዴት?»

«ኑሮውን ሁሉ በክርክር ወሰዱት። አሁን ደግሞ ሞቱ የእርስዎና የእሱ ጉዳይ ሆነ! ደሚቱ እኔ ነኝ የገደልኩት ትላለች፤ እርስዎ እኔ ነኝ ይላሉ፤ ፍሰሐ ለአብዮቱ ሞተ ሊል ምንም አልቀረው። ለመሆኑ ስለ እኔ ጀርባ ያን ያህል ስትከራከሩ፣ አንዳችሁ እንኳ ትርፌ ምን ትፈልጊያለሽ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል?»

አቶ ገብረየሱስ የጨመደዱትን ባርኔጣ መልሰው ያቃኑ ጀመር።

«ቦኖውን እወደው ነበር እኮ! ከዚህ ቤት የምወጣበት እሱ ብቻ ነበር። ከዙሃራ ጋር፣ ከነእንዳለች ጋር ወረፋ ይዘን የምንስቀው ሳቅ ቀኑን ሙሉ ያቆየኛል። እናንተ ስለ እኩልነት ተጣልታችሁ እሱን ቀማችሁኝ። እኔ እዚህ ቁጭ፤ እሱ እዚያ ከጓደኞቼ ጋር!»

ዙሃራ «እውነቷን ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ጠልቼው ነበር። አንድ ወር ሙሉ በወጉ አላናገርኩትም። በኋላ ግን…» ነጠላዋን ሰበሰበች። «በኋላ ወሬ ማምጣት ጀመረ። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር የሰፈር ወሬ አውርቶልኝ የማያውቅ ሰው፣ ውሃውን ሳያስቀምጥ ይጀምርልኛል። እገሊት አገባች፣ እገሊት ከአከራይዋ ተጣላች። ደግሞ አያውቅበትም። የአንዷን ልጅ ለሌላዋ ይሰጣል፤ ያረገዘችውን ወልዳለች ይላል። እያረምኩት፣ እየሳቅሁበት ሥራ ይረፍድበት ነበር። እስኪ ይህን በየትኛው አንቀጽ ልትጽፉት ነው? ግብዝ ነው? አርአያ ነው? እኔ አላውቅም። ለእርስዎ እልህ ይቅዳው ለእኔ፣ አልነገረኝም። ሳይነግረኝ ሄደ።»

ደሚቱ ተነሥታ መጥታ ከትርፌ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እግሯን ያዘቻት።

 የአቶ ገብረየሱስ ዕድሜ በአንድ ጊዜ የጨመረ መሰለ። በመጨረሻ፣ ተከራካሪ በማይመስል ድምፅ፣

«ምን ነበር የምትፈልጊው፣ ትርፌ?» አሏት።

ትርፌ መልሱ አፏ ላይ ያለ መስሏት ነበር። ስትፈልገው ጊዜ ወሰደባት። ከድንኳኑ የካርታ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ አሸንፎ ሌላው ያጉረመርማል።

«አብረን እንድንሄድ» አለች። «ሁለታችን። ሌላ ምንም አልነበረም።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባርኔጣቸውን አጥልቀው «በይ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሉና ወደ በሩ ዞሩ። ኮታቸው ተዛንፎ ተቆልፏል፤ የላይኛው ቁልፍ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ኮሌታው በአንድ ወገን ወደ አንገታቸው ተሰቅሏል። ጠዋት ቤታቸው «ቆይ እንጂ» የሚላቸው ሰው አልነበረም።

ትርፌ ተነሣች። ሴቶቹ እያዩ፣ በሩ ላይ ደረሰችባቸውና ከፊታቸው ቆመች። ከታች ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ ከዚያ ከላይ ጀምራ፣ እያንዳንዱን በየቦታው፣ ቆለፈችላቸው። አቶ ገብረየሱስ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆሙላት። ሲያልቅም እጇን ቶሎ አላነሣችም፤ ኮሌታውን በመዳፏ ደልደል አድርጋ፣ ደልደል አድርጋ፣ እንደገና ደልደል አደረገችው።