መስጊድ ሄዷል

ቀመሪያ ጭንቀት አያልቅባትም። የልጅ ልጇ ሲሃም ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች ባጃጅ ገጭቷት ይሆናል፤ ደመና ካየች የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወስዷት ይሆናል። ያን ቀን ግን ሲሃም በሰዓቷ መጣች፤ እንዲያውም እየሮጠች። ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ አያቷ ልብስ ከምታሰጣበት ገመድ ሥር ቆማ፣

«ኡማ! የኔ ጽሑፍ ወጣ!» አለች።

«የት ነው የወጣው?»

«ብሎጉ ላይ ነዋ! መምህርት ማህደር የጻፍነውን ኢንተርኔት ላይ ታወጣዋለች፤ ወላጆች በስልካቸው ያነቡታል። ዛሬ የኔን አወጣችው። ለሁሉም ልካለች።»

ቀመሪያ ደስ ሊላት ነበር። ልጅቷ ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ጮክ ብላ አውርታ አታውቅም።

«ስለ ምን ጻፍሽ የኔ ዓይን?»

«ስለ ባባ።»

እርጥቡ ጨርቅ ከቀመሪያ እጅ መሬት ወደቀ።

ባባ ባሏ አብዲራህማን ነው። ጥቅምት ውስጥ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ልጃቸው ዚነት፣ የሲሃም እናት፣ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች፤ እስካሁን አልተነገራትም። መርዶ እንዲሁ በስልክ አይነገርማ። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ባለበት ነው የሚነገረው። በባዕድ ቤት ብቻዋን ሰምታ ራሷን ብትስት ማን ውሃ ያቀብላታል? ስለዚህ ዚነት አርብ አርብ ደውላ «ባባስ?» ስትል፣ ቀመሪያ «መስጊድ ሄዷል» ትላለች። ለዒድ ስትመጣ ይነገራታል ተባለ። ሰውየው ይኸው ሦስት ወር ሙሉ መስጊድ ሄዷል።

ጥፋቱ ደግሞ የራሷ ነው። መስከረም ላይ መምህርቷ ገጹን የሚከፍት የወላጅ ስልክ ስትጠይቅ፣ የቀመሪያ ስልክ ከመደወል ሌላ ስለማይችል፣ «የእናቷን ያዢ፤ የሷ የማይከፍተው ነገር የለም» ብላ በኩራት ቁጥሩን ያነበበችላት እሷው ናት።

ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ባጃጅ አስቁማ ትምህርት ቤት ደረሰች። ማህደር ክፍል ውስጥ ደብተር ታርማለች። የከዚራ ሰፈር ልጅ ናት፤ እንደ ድሬዳዋ ልጅ ታላቋንም ታናሿንም «አንቺ» ነው የምትለው።

«እማማ፣ ምን ሆንሽ? ተቀመጪ አቦ!»

«አጥፊው! ወላሂ ሳታየው አጥፊው!»

ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ማህደር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ታውቃለች ብዬ ነው…» ስልኳን ጎረጎረች። «እናቷ አልከፈተችውም። አሁን እሰውረዋለሁ። ግን መጀመሪያ አንቺ አንብቢው።»

ቀመሪያ እስከ ስድስተኛ ተምራለች። ስልኩን ከዓይኗ አራቅ አድርጋ ቃል በቃል አነበበች፦

«ባባ ሞቷል። ሬዲዮኑን የሚከፍት የለም። እናቴ ስትደውል ኡማ መስጊድ ሄዷል ትላለች። እኔም መስጊድ ሄዷል እላለሁ። ግን ጫማው በር ላይ ነው። በባዶ እግሩ መስጊድ የሚሄድ ሰው የለም። እናቴ ጫማውን ብታየው ታውቅ ነበር።»

«ሦስት ወር ሙሉ ደብተሯን ባዶውን ነበር የምትሰጠኝ» አለች ማህደር ቀስ ብላ። «እናቶች ያነቡታል ስላቸው ነው ይቺን የጻፈችው። ደወል ተደውሎ እንኳ አልተነሳችም። ነገ ምን ልበላት?»

«ሰውሪው ልጄ። ሰውሪው ብቻ።»

ማህደር ሰወረችው።

በማግስቱ ሲሃም እየሮጠች አልመጣችም። ቦርሳዋን አስቀምጣ በሩ ሥር፣ ከጫማው አጠገብ ተቀመጠች።

«የኔ ጠፍቷል። ውሸት ስለጻፍኩ ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«እውነት ስለጻፍኩ ነዋ።»

ቀመሪያ ልጅን ከመኪና፣ ከጎርፍ፣ ከሰው ዓይን መጠበቅ ታውቅበታለች። እሷ ራሷ በልጅቷ አፍ ካስቀመጠችው ውሸት ግን አልጠበቀቻትም። ነጠላዋን አጣፍታ ጎረቤቷ ደሄቦ ዘንድ ሄደች። የደሄቦ ልጅ ሀምዲያ እዚያው ኩዌት ናት፤ አርብ እረፍቷ ነው።

አርብ ማለዳ ሀምዲያ ሦስት የአገር ልጆች አስከትላ ዚነት ዘንድ ሄደች፤ በወጉ ነገሯት። እዚህ መጋላ ሰፈርም የጎረቤት ሴቶች ቀመሪያን ከበው ተቀመጡ። ከእኩለ ቀን በፊት ስልኩ ጮኸ። የዚነት ድምፅ ደርቋል።

«በየሶላቱ ጤናውን ስጠው እያልኩ ስለምን ነበር ኡማ። ሦስት ወር! ለሞተ ሰው ጤና ስለምን!»

«ልጄ፣ ለአንቺ ብዬ…»

ተዘጋ። በሚቀጥለው አርብ ስልኩ አልጮኸም። ቀመሪያ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ዋለች፤ ባትሪው አልቆ እንዳይሆን ደጋግማ አየችው። ልጄን ከመርዶ ላድን ብዬ ራሷን አጣኋት አለች በልቧ። ሰኞ ጠዋት ሲሃምን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች።

«የልጅቷን ጽሑፍ መልሺው» አለች ማህደርን። «እንደጻፈችው።»

ረቡዕ መምህርቷ አስጠራቻት። ከጽሑፉ ሥር ዚነት መልስ ጽፋለች፦ «ሲሃምዬ፣ ጎበዝ። ጫማውን እንዳታነሱት፤ መጥቼ እኔ አነሳዋለሁ። ባባ መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«እኔ አላውቅም» አለች ሲሃም። «ደሄቦ ቤት ነበርኩ።»

የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቀመሪያ የማህደርን ስልክ ተቀብላ ከልጆቹ አጭር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሲሃም ፊደሉን እያሳየቻት በአንድ ጣቷ መጫን ጀመረች። ዱዓ እያደረገ ሄደ ልትል አሰበች፤ ጥሩ ነው፣ ማንንም አያስከፋም። ሦስት ቃል ከጻፈች በኋላ ቆመች።

«ይሄ እንዴት ነው የሚጠፋው?»

ሲሃም አጠፋችላት። እንደገና ጀመረች፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት።

«ዚነት ደወለች ወይ አለኝ። አልደወልሽም ነበር። አዎ፣ ሰላም ብላሃለች አልኩት። አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። አንቺንም እሱንም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። እናትሽ ቀመሪያ።»

ማህደር አንብባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ልላከው?»

«እኔ ልላከው» አለች ቀመሪያ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ቀመሪያ አነሳችው። እንደ ወትሮው «ባባስ?» የሚል ጥያቄ አልመጣም።

«አንቺስ ኡማ?» አለች ዚነት። «አንቺስ እንዴት ነሽ?»

ቀመሪያ ደህና ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። ሲሃም ከበሩ ሥር፣ ከጫማው አጠገብ፣ ቀና ብላ ታያታለች።

«ደህና አይደለሁም ልጄ» አለች።