የአውቶቡሱ የፊት ወንበር

ሌአንደር ጎይንስን ዛሬ የማያውቀው የለም። ባንዱ በሬዲዮ ሲቀርብ ጎረቤቶቼ ድምፁን ከፍ ያደርጉና ግድግዳዬን እየደበደቡ «ኦዜላ! ባልሽ መጣ!» ይሉኛል። ባሌ! የት አባቱ።

ፒያኖ አጫዋወቱን ግን አልክድም፤ ሐሰት ተናግሬ ምን ላተርፍ። ቀኝ እጁ ሁለት ሦስት ኖታ ጣል ያደርግና ዝም ይላል። ለካንሳስ ሲቲ ሰው ያቺ ዝምታ በቂ ነበረች፤ ወንበሩን ገፍቶ ለዳንስ ይነሳል። ዋናው ሠራተኛ ግን ግራ እጁ ነበር። በዚያ ግራ እጅ ላይ የእኔ ላብ አለበት። አንድ ዓመት በኦክላሆማ መንገድ የአውቶቡሱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ጣቶቹን ብርድ መታው፤ ከዚያ ወዲህ ቅዝቃዜ ሲገባ እንደ እንጨት ይደርቁ ነበር። እናቴ ያስተማረችኝን ቅባት፣ የበግ ሞራ ከሰናፍጭና ከካምፎር ጋር አቅልጬ፣ እጁን ጭኔ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ አሽለት ነበር።

«ኦዚዬ፣ ያላንቺ እኮ ይሄ እጅ ማንኪያም አያነሳም» ይለኝ ነበር። እኔም ሞኟ ደስ ይለኛል።

ያኔ በባንዱ የምዘፍነው እኔ ነበርኩ። የወንዶቹን ሰማያዊ ኮት የሰፋሁትም እኔ፣ ጥቁር ናችሁ ብለው ሆቴል ሲከለክሉን በመንገድ ዳር ባቄላ የቀቀልኩትም እኔ። ሌአንደር መሪ ነው እንጂ አለቃ አይደለም። ያኔ በአውቶቡስ ከሚዞሩት የእኛ ሰዎች ባንዶች ብዙዎቹ እንዲያ ነበሩ፤ የተገኘውን እኩል መካፈል፣ ነገሩን ሁሉ እጅ አውጥቶ መወሰን። ሰው የሚሰናበትበትም ሥርዓት ነበረው። ነገሩ የሚታይበት ሰው የፊት ወንበር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ማን እጁን እንዳወጣበት አይቶ ቂም እንዳይዝ ነው። መሪው ከኋላ ቆሞ በልቡ ይቆጥርና ውጤቱን ብቻ ይናገራል። የራሱን እጅ የሚያወጣው እኩል ለእኩል ከሆነ ብቻ ነው። የተሰናበተው ልብሱን አውልቆ ያስረክባል፤ እኔ ደግሞ በተተኪው ልክ አስተካክለዋለሁ።

መጀመሪያ ሲሰናበት ያየሁት አጎት ዋሽን ነው። ቱባ፣ ያንን ትልቁን የናስ መለከት፣ ይነፋ ነበር። የሌአንደር የእናቱ ወንድም ነው፤ ያሳደገው እሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፒያኖ ፊት ያስቀመጠውም እሱ። ግን ጊዜው ተለወጠና ባንድ ሁሉ ቱባ ጥሎ ተቁሞ የሚመታውን ትልቁን ባለ ክር ባስ ያዘ። የእኛ ልጆችም ኤዝል የሚባል ባስ ተጫዋች አገኙ። ሽማግሌው የዓሣ ሳንድዊቹን ይዞ ፊት ተቀመጠና «ልጆች፣ ቶሎ በሉ፣ ምሳዬ ይቀዘቅዛል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ አሰናበቱት።

ኮቱን ሲያስረክበኝ ጠጋ አለና «አንቺ ልጅ፣ የሾፌሩን ስፖኪዮ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ከፊት ወንበር ሆነሽ ስታዪው የኋላውን ሁሉ ያሳያል። ያ ያሳደግኩት ልጅ እኩል እስኪሆን እንኳ አልጠበቀም። እጁን ከሁሉ ቀድሞ ነው ያወጣው።»

ሌአንደርን ጠየቅሁት። «ሽማግሌው ጃጅቷል እንዴ! እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር!» ብሎ ማለልኝ። ባሌ አይደል? አመንኩት።

አጎት ዋሽ በተሰናበተ በሁለተኛው ዓመት ሐስኬል የሚባል ነጭ ከኒውዮርክ መጣ። በሬዲዮ ሰምቶን ነው። የባንድ ሁሉ ሕልም ይሄ ነው፤ ኒውዮርክ፣ ትልቁ የዳንስ አዳራሽ፣ ሸክላ። ሰውየው ልምምዳችንን ቁጭ ብሎ ሰማ፣ የጎድን ጥብሱን ግጦ ጣቶቹን ላሰ፣ ከዚያ እኔ አጠገቡ ቆሜ እያለሁ ለሌአንደር እንዲህ አለው፦

«ባንዱ ወርቅ ነው። ሴትየዋ ግን አትሆንም። ስንት ዓመቷ ነው? ለኒውዮርክ ለጋ ልጅ ያስፈልጋል። ቀይ፣ መልከ መልካም የሆነች።»

እንደ ወንበር ነው የቆጠረኝ። ሌአንደርን አየሁት፤ እሱ የፒያኖውን ክዳን ያያል።

«ባንዱ ይወስናል» አለ።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱን ከአንድ ፀጉር ቤት ፊት ለፊት አቁመው ተሰበሰቡ። እኔም ሄጄ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀሚሴን አጥብቄ ያዝኩት። አሥር ዓመት የዘፈንኩበት ነገር ነው ከኋላዬ የሚቆረጠው።

ድራም የሚመታው ሄዊት ተነስቶ «እትዬ ኦዜላ ባትኖር በረሃብ አልቀን ነበር! ትንሽ አታፍሩም?» አለ።

«ሄዊት፣ ውለታ ሌላ፣ ኒውዮርክ ሌላ» አለ ትራምፔት የሚነፋው ራንዳል። «እኔም እወዳታለሁ። ግን ኒውዮርክ ድስት ተሸክመን ነው እንዴ የምንገባው?»

ሳቁ። ሰው በጀርባው ሳቅ ሲሰማ እንዴት እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል።

«ራንዳል፣ ያንን ድስት የላስክበት ምላስህ ይድረቅ!» አልኩት ሳልዞር።

ደግመው ሳቁ።

«በሉ፣ ትሰናበት የምትሉ እጅ አውጡ» አለ ሌአንደር።

አጎት ዋሽ ያለኝ ትዝ አለኝ። አላይም ብዬ ነበር፤ ግን ዓይኔ ሄደ። ስፖኪዮው ውስጥ ሁሉም አሉ፤ ኤዝል አላወጣም፣ እግዜር ይስጠው፤ ሳክስፎኖቹ አውጥተዋል። ሌአንደር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር እኔም አብሬው ቆጠርኩ። እኩል ለእኩል ነው። እፎይ አልኩ! እኩል ከሆነማ ባሌ ነው የሚወስነው፤ ፈገግም ብዬ ነበር፣ አፈር ልብላ።

ሌአንደር ወደ ፀጉር ቤቱ መስኮት ተመለከተ፣ ከዚያ እጁን አወጣ። ግራውን። ጠዋት ያሸሁለት ነው፤ ቅባቱ ገና ያብለጨልጫል።

«ተሰናብታለች» አለ።

ሰው ሁሉ ሲወርድ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ እውነተኛ እንባ! «ኦዚዬ፣ በአንድ እጅ በለጡሽ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው። እስክደላደል ጠብቂኝና እወስድሻለሁ።»

«የማን እጅ ነው?»

«እኔ እንጃ። ልብ አላልኩም።»

አየሁህ አላልኩትም። ብነግረው ሌላ ውሸት ይጨምርልኛል እንጂ ሌላ ምን ያመጣል? ሰማያዊ ቀሚሴን አምጥቼ ጭኑ ላይ አደረግኩለት። ዳሰሰው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ልጅቷ ቀጭን ናት። ከመሄዳችን በፊት ወገቡን ታጠብቢላታለሽ?»

ልጅቷን አስቀድሞ አግኝቷታል ማለት ነው። አጠበብኩት። ሥራ አበላሽቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጋዜጣ ጽፎታል፤ ኒውዮርክ፣ ሸክላዎቹ፣ ነጭ ኮት ለብሶ ጥርሱን የሚያሳይበት ፎቶ። ሊወስደኝ አልመጣም፤ እኔም ሻንጣ አላሰርኩም።

ባለፈው የብርድ ወራት ኤዝል መጣ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ወጥ ቤቴ አስገብቼ ሾርባ ሰጠሁት፤ ማንኪያውን ሳያነሳ ጀመረ።

«እትዬ፣ የሌአንደር ግራ እጅ ሞቷል። ሐኪሞቹ አልቻሉም። በቀኙ ብቻ ሲነካ ሰዉ ስታይሉ ነው ብሎ ያጨበጭባል፤ እኛ ግን እናውቃለን። የአዳራሹ ሰዎችም እየነቁ ነው። እስከ ፀደይ ካልዳነ ፒያኖው ላይ ሌላ ልጅ ያስቀምጣሉ። የዚያን ቅባት ነገር…»

«ራሱ ለምን አልመጣም?»

«አፍሮ ነው። ያለቅሳል እኮ፣ እትዬ።»

«እንባውንማ አውቀዋለሁ።»

ቅባቱ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ለጉልበቴ ብዬ በዚያው ሳምንት የሠራሁት። ኤዝል አየው፤ ዓይኑን ከዚያ መንቀል አቃተው።

«አውቶቡሱ አሁንም አለ?» አልኩት።

«አዲስ ተገዝቷል።»

«ጥሩ። ባንዱን ሰብስብና ሌአንደርን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው። ኦዜላ ቅባቱን ትስጠው ወይስ አትስጠው ብላችሁ እጅ አውጡ። እኩል ለእኩል ከሆነ እኔን ጥሩኝ።»

«ሾርባህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩትና ቅባቱን አንስቼ ጉልበቴን ማሸት ጀመርኩ።